ያልወረደው ጉንጭ

ላይ አገር የምትባለውን አገር ካርታ ላይ ለመፈለግ አትድከሙ፤ መንገዱን የሚያውቁትም አይነግሯችሁም። ከተማዋ አምባ ላይ ነበረች። ሕዝቧ የሚበዛው ግን አምባው ሥር፣ ታች ሰፈር በሚሉት ሜዳ ላይ ነበር። አገሪቱን ያቀኑት ሰዎች ስለ ሥልጣን አንድ ነገር አስተውለው ነበር ይባላል፤ በሹመት ወንበር ላይ ተቀምጦ «እኔስ አርጅቻለሁ፣ ይበቃኛል» ያለ ሰው በዘመናቸው አላዩም። እንዲህ የሚል ሹም ለማግኘት በምክር ሞከሩ፣ በሽምግልና ሞከሩ፣ አንድ ሁለት ጊዜም በጦር ሞከሩ። ሁሉም ሲያቅታቸው ፍርዱን ከአፍ ላይ ወስደው ለጉንጭ ሰጡት።

ሕጉ አጭር ነው። በየዓመቱ ክረምቱ ወጥቶ ጭቃው ሲደርቅ የልኬታ በዓል ይውላል። የአገሩ ራስ፣ እነሱ «የበላይ» የሚሉት፣ ከሰባቱ ሹሞቹ ጋር አደባባይ ይወጣል። በየተራ አንድ ዱካ ላይ ይቀመጣሉ። ጉንጭ ለኪዋ ቀይ የሐር ክር ከጆሮ ጫፍ እስከ አገጭ ትወጥራለች። የጉንጩ ሥጋ ከክሩ በላይ ከሆነ «አልወረደም» ትላለች፣ ለሹሙም አንድ ዓመት ይጨመርለታል። ከክሩ በታች ከተንጠለጠለ «ወርዷል» ትላለች። በዚያ ቀን ከነዚህ ከሁለቱ ሌላ ቃል አይወጣትም። ጉንጩ የወረደ ሰው እሱም ወረደ ማለት ነው፤ አዲስ ጋቢ ይደረብለታል፣ ከዘራ ይሰጠዋል፣ ተመርቆ ወደ ቤቱ ይሄዳል። በወንበሩም ላይ ከተጠባባቂዎች አግዳሚ ተራው የደረሰው ይቀመጣል።

ተጠባባቂዎቹ አሥራ ሁለት ነበሩ። ለእነሱም ሁለት ሕግ ወጥቶላቸዋል። አንደኛው፣ የሚጠባበቁትን ሥራ ከመሾማቸው በፊት በእጃቸው እንዳይነኩ ነው፤ የሹሙን ክብር ይጋፋልና። ሁለተኛው፣ እነሱም በልኬታ ቀን ይለካሉ፤ ሳይሾም ጉንጩ የወረደ ተጠባባቂ ከአግዳሚው ይሰረዛል። ለአንድ ዓመት ብሎ ማን ሰው ይሾማል? ሕጉ ሲወጣ ምክንያታዊ ነበር። ሹም በየጊዜው በሚወርድበት አገር ተጠባባቂ ብዙ አይጠብቅም።

ጉንጭ ለኪነት በአንድ ቤት ሴቶች የሚወረስ ሥራ ነው። በዚህ ታሪክ ዘመን ለኪዋ አንጓች ነበረች፤ ሰው ሁሉ እመት አንጓች ይላታል። ቀጠን ያለች፣ ንግግር የማታበዛ፣ ክር ስትወጥር እጇ ውልፍት የማይል ሴት ነበረች። በሠላሳ ዓመት ውስጥ አሥራ አራት ሹም አውርዳለች፤ አንዱም አልተቀየማትም። የቀድሞውን የበላይ ያወረደችውም እሷ ናት። ሰውየው ቃሏን ሲሰማ ዱካው ላይ እንደተቀመጠ አለቀሰ። ከዚያ አገሩ ገብቶ ኮክ ተከለ። በአምስተኛው ዓመት አንድ ቅርጫት ኮክ ልኮ፣ ምነው ቀደም ብለሽ «ወርዷል» ባልሽኝ ሲል ወቀሳት።

በእሱ እግር የተተካው ይርጋ የሚባል የእህቱ ልጅ ነው። የተሾመ ዕለት ጉንጩ እንደ ከበሮ የተወጠረ ነበር። የአንጓችን እጅ ስሞ፣ የኔም ቀን ሲደርስ እንዳትራሪልኝ ብሎ በሰው ፊት ተናገረ። ሕዝቡም ወደደው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አለፈ። በአሥራ ዘጠነኛው ልኬታ በጉንጩና በክሩ መካከል የቀረው የገብስ ቅንጣት የምታክል ነገር ብቻ ነበረች። አንጓች «አልወረደም» አለች፤ እውነት ነውና። ይርጋ ግን ከዱካው ሲነሳ ጉንጩን በእጁ ደግፎ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤተ መንግሥቱ ሌላ ሥራ አልነበረውም። ሳቅ ጉንጭ ያላላል ተብሎ በግቢው ውስጥ ሳቅ ተከለከለ። ሥጋ ተፈጭቶ ካልሆነ አይቀርብም፤ ማላመጥ አደገኛ ነው። የበላይ ይርጋ በአገጩ ሥር ሻሽ አስሮ፣ ትራስ ተደግፎ፣ ቁጭ ብሎ መተኛት ጀመረ። የጭብጨባ ሹሙ ደምመላሽ፣ በግብዣና በስብሰባ ላይ መቼ እንደሚጨበጨብና ምን ያህል እንደሚቆይ የሚወስነው ሰው፣ እሱም ለአጋርነት ሻሽ አሰረ። በሳምንቱ ሰባቱም ሹሞች ሻሽ አስረው ተገኙ። ቤተ መንግሥቱ ጥርሱን የታመመ ሰው ወረፋ የሚጠብቅበት ቦታ መሰለ።

ሐኪም ሲራክ የመጣው በዚህ መሐል ነው። ከባሕር ማዶ የተማረ፣ ለዘብ ያለ ሰው ነበር። አንድ ሣጥን ይዟል። ከሣጥኑ ጋር በገመድ የተያያዘች፣ ጫፏ እንቁላል የምታክል ዕቃ አለችው። ቢላ የለም፣ መርፌ የለም፣ ደም የለም። ጉንጭ ላይ ቀዝቃዛ ዝልግልግ ቅባት ይቀባና ዕቃዋን ያስጠጋል። ከዕቃዋ ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ይወጣል። ድምፁ ቆዳውን ሳይቆርጥ አልፎ ከሥር ያለውን ሥጋ በጥቃቅን ነጥብ ያሞቀዋል፤ የሞቀው ይኮማተራል፣ ሰውነትም ቦታውን ቀስ እያለ ያጠነክረዋል። ለውጡ እስኪታይ ሁለት ሦስት ወር ይፈጃል።

ሐኪሙ የሚያደርገውንም የማያደርገውንም ሳይደብቅ ተናገረ። ለትንሽ ልል ጉንጭ ነው እንጂ ፈጽሞ ለተንጠለጠለ አይሆንም፤ የሚቆየውም ዓመት ቢሆን ነው አለ። መጨረሻ ላይም ወደ ይርጋ ጎንበስ ብሎ እንዲህ አለው።

«ጌታዬ፣ ይህ ዕቃ ጉንጭን ጥቂት ከፍ ያደርጋል እንጂ ጊዜን አይመልስም።»

ደምመላሽ ወደ ሰገነቱ ወጥቶ ለሕዝቡ ያሰማው፣ ጊዜ መመለሱን ነበር።

ሥራውን መተኮስ አሉት፤ የይርጋ ጉንጭ የተተኮሰው ዝናቡ ሊገባ ሲል ነው፣ የሰባቱ ሹሞችም ተከተለ። ዕቃዋ ትንሽ ስለምትቆነጥጥ የበላይ ያቃስት ነበር፤ ጸሐፊዎቹ ሕግ እያመነጨ ነው ብለው መዘገቡ። ደምመላሽ ደግሞ አዲስ ሥርዓት አወጣ። ድምፁ የማይሰማ ስለሆነ እንዳይረበሽ፣ ሥራው በሚካሄድበት ሰዓት ከተማው ጸጥ ይበል። ሐኪሙ ይህ አያስፈልግም ብሎ ነበር፤ እሱ ስለ ሕክምና እንጂ ስለ አክብሮት አያውቅም ተባለ። ስለዚህ ወፍጮ ቆመ፣ የአንጥረኛ መዶሻ በጨርቅ ተጠቀለለ፣ የአውራ ዶሮ አፍ በክር ታሰረ። ሕፃን ያለቀሰባት እናት ከከተማ እንድትወጣ ተደረገ። ማንም ላልሰማው ድምፅ ሲባል አገር በሙሉ ዝም አለ። ዝምታው ለሹሞቹ በጣም ስለተስማማቸው፣ ዕቃዋ ሣጥኗ ውስጥ ባለችበት ቀንም እንዲቀጥል አደረጉት።

በመጪው ልኬታ ስምንቱም ጉንጮች ከክሩ በላይ ነበሩ። አንጓች ስምንት ጊዜ «አልወረደም» አለች። ሲያብረቀርቁ ዓይን ያጭበረብሩ ነበር። ወደ አግዳሚው ስትዞር ግን ከአሥራ ሁለቱ ተጠባባቂዎች ሁለቱ ወርደው አገኘቻቸው። በሚቀጥለው ዓመት ሹሞቹ ዳግመኛ ተተኮሱ፣ ዳግመኛ አልወረዱም፤ ከአግዳሚው አራት ተሰረዙ። ዕቃዋ የመንግሥት ንብረት ስለሆነች ለተሾመ ሰው ብቻ የተፈቀደች ነበረች። እንዲህ ሆኖ በላይ አገር የሚያረጁት የሚጠብቁት ብቻ ሆኑ።

በአግዳሚው ላይ ከቀሩት ስድስቱ የመጀመሪያዋ የአንጓች ልጅ ደጊቱ ነበረች። በልጅነቷ የእናቷን ሥራ እንድትማር ስትጠየቅ፣ ክር ከምወጥር ውሃ ብጠልፍ ይሻለኛል ያለች ናት። ለውሃ ሹምነት አሥራ አንድ ዓመት ጠብቃለች። ከተራራው ምንጭ ወደ ታች ሰፈር የሚወርደው የጥንት ቦይ በደለል ተሞልቶ፣ አንድ ቦታ ላይ ተደርምሶ፣ ውሃው ወደ ገደል ይፈስ ነበር። ደጊቱ እንድትነካው አልተፈቀደላትም፤ እንዳታየው ግን የከለከላት ሕግ የለም። ስለዚህ በየሳምንቱ ዳገቱን ወጥታ በእንጨት ትለካለች፣ ደለሉ የት ድረስ እንደደረሰ ታያለች፣ ትመለሳለች። ፀሐይና ንፋስ በአርባ አንድ ዓመቷ ፊቷን የስልሳ ዓመት ሴት ፊት አደረጉት።

የውሃ ሹሙ ቢተው ቦዩን አይቶት አያውቅም። ለሹመቱ ክብር ሲል ውሃ እግሩን እንዳይነካው ደንብ አውጥቷል። በክረምት ሰው ተሸክሞት ይሻገራል። ከብዶ፣ ወፍሮ፣ ጉንጩ ከሌሎቹ ሁሉ ቀድሞ ተንዘላዝሎ ነበር። ሐኪም ሲራክ በሦስተኛው ዓመት ዳስሶት፣ ከእንግዲህ ዕቃዋ እንደማትረዳው ነገረው። ቢተው አላመነም፤ ትልቋን ዕቃ ደብቀህብኛል ብሎ ሣጥኑን አስፈተሸ።

በዚያ ዓመት የታች ሰፈር ኩሬ ደረቀ። ሰዉ ከከብት ጋር እየተጋፋ ከጭቃው ውስጥ ይጨልፍ ነበር። መስከረም እስኪጠባ አሥራ ሦስት ሕፃናት በተቅማጥ ተቀበሩ። ደምመላሽ በሰገነቱ ላይ ወጥቶ ኩሬው እንዳልደረቀ፣ እያረፈ መሆኑን አሳወቀ።

ልኬታው አሥር ቀን ሲቀረው ደምመላሽ በጠዋት አንጓች ቤት መጣ። ስለ ጤናዋ ጠየቀ፣ ስለ ጓሮዋ ጎመን ጠየቀ፣ ከዚያ ወደ ጉዳዩ ገባ። ጉዳዩ ልጇ ናት። የደጊቱ ጉንጭ ዘንድሮ እንደማያልፍ ሰው ሁሉ ያያል። ታዲያ አንድ መንገድ አለ፤ እመት አንጓች ራሷ ባለ ሥልጣን ስለሆነች ዕቃዋ ትፈቀድላታለች፣ ተራዋንም ለልጇ ማስተላለፍ ትችላለች። ለውጡ ሙሉ ለሙሉ ባይደርስም፣ ለዘንድሮ ልጅቷ በቀድሞው ጉንጯ እንደተለካች ይቆጠርላታል። በምትኩ የሚፈለገው ቀላል ነው። የቢተው ጉንጭ ላይ ክሩን ትንሽ ዝቅ ማድረግ።

አንጓች ሰማችው። ከዚያ ጠየቀችው።

«ልጄ የምትጠብቀው የቢተውን ወንበር አይደለም እንዴ?»

«ነው፣ እመት።»

«ቢተው ካልወረደ ልጄ ምን ሆና ትቀመጣለች?»

«ተጠባባቂ ሆና ነዋ» አለ ደምመላሽ፤ ጉንጩ ስለተወጠረ ፈገግታው አልታየም። «ዕድሜ ልኳን።»

አንጓች ልታስብበት ቃል ሰጥታ ሸኘችው። ማሰቡ ግን ቀላል አልሆነላትም። ሠላሳ ዓመት ክሩን ስትይዝ ለማንም አላዘነበለችም፤ ግን ደግሞ ከመሰረዝ መጠበቅ ይሻላል፤ ሲጠብቁ ነገር ይለወጣል፤ ሐኪሙ ሊሄድ ይችላል፣ ዕቃዋ ልትሰበር ትችላለች። እንዲህ እያለች ራሷን ስትሸነግል ሦስት ቀን አለፈ። በአራተኛው ቀን ከዘራዋን ይዛ ልጇን ፍለጋ ወደ ቦዩ ወጣች።

ደጊቱ በተደረመሰው ቦታ ላይ ተቀምጣ ውሃው ወደ ገደሉ ሲወረወር ታይ ነበር። አንጓች አጠገቧ ተቀምጣ የደምመላሽን ቃል አንድ በአንድ ነገረቻት። ደጊቱ ድንጋይ አንስታ ወደ ገደሉ ወረወረች፤ ሲወድቅ አልተሰማም።

«እማ፣ የኔ ጉንጭ ቢወጠር ይህ ውሃ ታች ሰፈር ይደርሳል?»

«አይደርስም።»

«ቢተው ቢቀጥልስ?»

«አይደርስም፣ ልጄ።»

«እንግዲያው ምን ትጠይቂኛለሽ?»

አንጓች ልትጠይቃት ሳይሆን ክሩን ለማዘንበል ፈቃዷን ልትቀበል እንደመጣች ያኔ ገባት። አፍራ መሬት መሬቱን አየች። ደጊቱ የእናቷን እጅ ያዘች፤ ከዚያ ስለ ቦዩ ማውራት ጀመረች። የት ላይ ድንጋይ እንደሚያስፈልግ፣ የትኛው ደለል በአካፋ፣ የትኛው በዶማ እንደሚወጣ፣ ሠላሳ ሰው ቢገኝ በስንት ወር እንደሚያልቅ ሁሉን በልቧ ይዛዋለች። አሥራ አንድ ዓመት ስትለካ ኖራ አንድ አካፋ አላነሳችም። አንጓች ስታዳምጣት ዋለች። ከጎኗ ያለችው ሴት ፊቷ ምን ያህል እንደተጎዳ በደንብ ያየችው ያን ቀን ነው፤ እናት ስለሆነች ቀድሞ በክር ዓይን አይታት አታውቅም።

የልኬታው ቀን አደባባዩ ሞላ። ከታች ሰፈር የመጡት በጥቁር ልብስ ነበሩ፤ ዝምታው አዋጅ ስለሆነ አላለቀሱም። የበላይ ይርጋ ዱካው ላይ ተቀመጠ። አንጓች ክሩን ወጠረች። ጉንጩ ከክሩ በላይ ነው። «አልወረደም» አለች። ስድስቱም ሹሞች ተከታትለው ተቀመጡ፤ ስድስቱም አልወረዱም። ሰባተኛው ቢተው ነበር። ሲቀመጥ በዓይኑ ጠቀሳት። አንጓች ክሩን ከጆሮው ጫፍ ይዛ እስከ አገጩ ወጠረችው። ጉንጩ ሁለት ጣት ያህል ከክሩ በታች ተንዘርፍፎ ወረደ።

«ወርዷል» አለች።

በሹም ላይ ሦስት ዓመት ያልተሰማ ቃል ነበር። ደምመላሽ ጉሮሮውን ጠረገና ክሩ ሳይጣመም እንዳልቀረ፣ እንደገና ብትለካ መልካም እንደሚሆን አሳሰበ። አንጓች እንደገና ለካች። እንደገና «ወርዷል» አለች። ቢተው ከዱካው ሳይነሳ ወደ ይርጋ ዞረ፤ ይርጋ ወደ ደምመላሽ ዞረ፤ ደምመላሽ የሚዞርበት አጥቶ ተጠባባቂዎቹ ይቅረቡ አለ።

ደጊቱ መጥታ ተቀመጠች። አንጓች ክሩን አነሳች። ክሩ ከልጇ ጆሮ ላይ ሁለት ጊዜ ሸሸባት። ሕዝቡ አየ። ደጊቱ ጣቷን አንስታ የክሩን ጫፍ ጆሮዋ ላይ ተጫነች።

«እኔ ልያዝልሽ፣ እማ» አለች በቀስታ።

እናትና ልጅ ክሩን ለሁለት ወጠሩት። አንጓች አየች፣ ዓይኗን ጠረገች፣ ደግማ አየች።

«ወርዷል» አለች።

ከቀሩት አምስት ተጠባባቂዎች አምስቱም ወርደው ተገኙ። አግዳሚው ባዶውን ቀረ። ያኔ የበላይ ይርጋ ተነስቶ ቆመ። ከንፈሩን ብዙ ማንቀሳቀስ ስለማይወድ ንግግሩ አጭር ነበር። ቢተው ወርዷል ከተባለ የሚተካው ሰው ሊኖር ይገባል፤ የሚተካው የለም፤ ስለዚህ ቢተው አልወረደም። ነገሩ ሁሉ የደረሰው ክሩ ከልክ በላይ በመወጠሩ ነው፤ ከዛሬ ጀምሮ ላገለገለ ጉንጭ ክሩ አንድ ጣት ይርገብለት። ደምመላሽ እጁን አነሳ፣ ጭብጨባ ሆነ።

ጭብጨባው ሲያልቅ አንጓች በልኬታ ቀን ለኪ የማትናገረውን ተናገረች።

«ጌታዬ፣ እኔ የተማርኩት ክር መወጠር ነው። የረገበ ክር ለመያዝ ሙያ አያስፈልግም፤ ከነዚህ አንዳቸው ይያዙልዎ።»

ክሩን በደምመላሽ መዳፍ ላይ አኑራ፣ የልጇን ክንድ ይዛ ወረደች። የሚያስቆማት አልነበረም፤ ጉንጭ ለኪን ስለ መያዝ የሚናገር ሕግ ገና አልወጣም ነበር።

የአምባውን መንገድ ሲወርዱ ደጊቱ ድንገት ቆመች። ፊቷ ላይ አንጓች ያልጠበቀችው ነገር ነበር፤ ልትስቅ ምንም አልቀራትም።

«እማ፣ ተሰረዝኩ አይደል?»

«አዎ፣ ልጄ።»

«ተጠባባቂ ሥራውን አይንካ ይላል ሕጉ። ስለ ተሰረዘ ሰው ምን ይላል?»

አንጓች አሰበች። ስለ ተሰረዘ ሰው ሕጉ ምንም አይልም። ያቀኑት ሰዎች የተሰረዘ ሰው ሊሠራ ይችላል ብለው አልጠረጠሩም።

በማግስቱ ደጊቱ አካፋ ይዛ ዳገቱን ወጣች። በሦስት ዓመት ውስጥ የተሰረዙት አሥራ አንዱ ጓደኞቿም ተከተሏት። አንዱ ለድልድይ ሹምነት ዘጠኝ ዓመት የጠበቀ ነው፤ ድንጋይ ማሰር ያውቃል። አንዷ ለእህል ሹምነት የጠበቀች ናት፤ ለቆፋሪው ስንቅ መደልደል ያዘች። ሁሉም ሲጠብቁ ተምረው የጨረሱ፣ አንድም ቀን ሠርተው የማያውቁ ሰዎች ነበሩ፤ የመጀመሪያውን ሳምንት እጃቸው ውሃ ቋጠረ፣ ወገባቸው አልታዘዝ አለ። በሁለተኛው ሳምንት ልጆቻቸውን የቀበሩት የታች ሰፈር ሰዎች ዶማ ይዘው መጡ። ማንም አልጠራቸውም። አንጓች አሮጊት ናት ተብላ እንድትቀመጥ ቢነገራትም አልሰማችም፤ ክር በመወጠር የሠለጠነ ዓይኗ የቦዩን ውሃ ልክ ለመጠበቅ ይጠቅም ስለነበር፣ የሲባጎውን ጫፍ ይዛ ከቆፋሪዎቹ ፊት ፊት ትሄድ ነበር።

ቤተ መንግሥቱ ነገሩን ሲሰማ ሦስት ስብሰባ አደረገ። የመጀመሪያው ስብሰባ ቁፋሮው የለም አለ። ሁለተኛው ቁፋሮው ካለም በቢተው ትእዛዝ ነው አለ። ሦስተኛው ቆፋሪዎቹን እንዲበትኑ ሃያ ወታደር ላከ። ወታደሮቹ የታች ሰፈር ልጆች ነበሩ፤ ሄደው ጦራቸውን ዛፍ ላይ አስደግፈው አካፋ ተቀበሉ።

ውሃው በሰባተኛው ወር ታች ሰፈር ደረሰ። መጀመሪያ ጭቃ፣ ከዚያ ቅጠል፣ ከዚያ ጠርቶ ንጹሕ ውሃ መጣ። ሰዉ ዝም ብሎ አየው፤ ዝምታ ልማድ ሆኖበት ነበርና። መጨረሻ ላይ አንዲት ልጇን የቀበረች ሴት እልል አለች። ከዚያ በኋላ ማንም ዝም አላለም።

ሐኪም ሲራክ ከአገሩ የወጣው በዚያው ሰሞን ነው። ክሩ ከረገበ ዕቃዋ አታስፈልግም፤ ክር ማርገብ ከመተኮስ ይቀላል፤ አይቆነጥጥም። በየዓመቱ ሰባቱ ሹሞች በዝግ ግቢ የበላይ ይርጋን ጉንጭ ይለካሉ፣ በየዓመቱም አንድ ጣት ያረግቡለታል። እሱም የእነሱን ይለካል። ማንም አልወረደም። የአዋጅ ነጋሪው ይህን ለማሰማት ወደ ታች ሰፈር ሲወርድ ሰዉ «እሺ» ይለውና እንስራውን ይሞላል። ሰው ሲጣላ ለዳኝነት ወደ ቦዩ ራስ ይመጣ ጀመር፤ ደጊቱና ጓደኞቿ ከሥራ ሲያርፉ ይሰሙታል፣ ካልተስማማው ወደ ሌላ ይሄዳል። ቦዩን የሚጠርገው ሰውም በየዓመቱ በዕጣ ይቀየር ነበር፤ ደጊቱ ራሷ አንድ ዓመት ጠርጋ ለሌላ አስረከበች። የከተማው ሰው አንድ አንድ እያለ ወረደ፤ ውሃ ወዳለበት። ቀጥሎ ወጥ ሠሪዎቹ ወረዱ፣ ጸሐፊዎቹ ወረዱ፣ በሦስተኛው ዓመት የቤተ መንግሥቱ ውሃ ቀጂዎች እንስራቸውን ይዘው እንደወረዱ አልተመለሱም።

ውሃ ቀጂዎቹ በቀሩ በአራተኛው ቀን ከቀትር በፊት፣ የበላይ ይርጋ እንስራ ተሸክሞ በአምባው መንገድ ሲመጣ ታየ። ደምመላሽ ከኋላው ጥላ ይዞለታል፤ ጥላውን በሁለት እጁ ስለያዘ ማጨብጨብ አልቻለም። ወረፋው ረጅም ነበር። ይርጋ ወደ ፊት ሊያልፍ ሲል ከሰልፉ ውስጥ አንዲት ቀጭን አሮጊት ቀና አለች። አንጓች ነበረች።

«ወረፋው ከዋርካው ሥር ነው የሚጀምረው፣ ጌታዬ» አለችው።

«አላወቅሽኝም?»

«አውቄዎታለሁ። ከሴትዮዋ ቀጥለው ነው።»

ይርጋ ዙሪያውን አየ። የሚቆጣለት ሰው ፈለገ፣ አላገኘም። ሰዉ የሚያወራው ስለ ባቄላው ቡቃያ ነበር። ወደ ዋርካው ሥር ሄዶ ከሴትዮዋ ቀጥሎ እንስራውን አኖረ። አንጓች እንስራዋን ሞልታ ስትመለስ በአጠገቡ አለፈች። ያኔ ይርጋ ጉንጩን ወደ እሷ ዘንበል አደረገ። ዕቃዋ ካቆመች ቆይታለች፤ ጉንጩ በሁለት በኩል እስከ አንገቱ ድረስ ተንጠልጥሏል።

«እመት አንጓች፣ አንቺ አትዋሺም። ዘንድሮ እንዴት ነው?»

አንጓች እንስራዋን እንዳዘለች ቆማ ፊቱን አየችው። ከዚያ በአገጯ ወደ ሰልፉ አመለከተችው።

«እንስራዎን ወደ ፊት ይግፉት፣ ጌታዬ» አለችው። «ወረፋው ተንቀሳቅሷል።»

የበላይ ይርጋም ጎንበስ ብሎ ገፋው።